ለፈተና የማይመጣ ሕግ

የዛሬው ጨዋታችን ስለ ሕግ ትምህርት ነው። አትደንግጡ፣ አንቀጽ ልናስጠናችሁ አልመጣንም። የተመረቅነውም በጋዜጠኝነት እንጂ በሕግ አይደለም። ነገር ግን "ሕግ ተምራችሁ ታውቃላችሁ?" የሚል ሰው ቢገጥመን መልሳችን "አዎን፣ ያውም ጋምቤላ፣ መሰናዶ እያለን!" ነው። ስሙ ሕግ አይባልም ነበር እንጂ ሕግ ነበር። ሲቪክስ!

መጀመሪያ "እኛ" የምንለው ማንን እንደሆነ እንናገር። በ2009 እና በ2010 ዓ.ም. 11ኛና 12ኛ ክፍል ሶሻል የነበርን፣ ጠዋት ጠዋት ከኒውላንድ ሰፈር እየተጠራራን በእግር ትምህርት ቤት የምንሄድ ልጆች ነን። ኒውላንድን ለማታውቁት፣ አብዛኛው ነዋሪው ኑዌር የሆነ የጋምቤላ ከተማ ሰፈር ነው። ክፍላችን ግን የተቀላቀለ ነበር፤ ኑዌሩ፣ አኙዋኩ፣ መዠንግሩ፣ ከደጋ የመጣ ቤተሰብ ልጅ፣ ሁሉም በአንድ ጣሪያ ሥር። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 47 ክልሎችን ሲዘረዝር የእኛን "የጋምቤላ ሕዝቦች" ይለዋል፤ በብዙ ቁጥር። ያ ብዙ ቁጥር በአንድ ክፍል ውስጥ፣ ለሦስት ለሦስት በአንድ ዴስክ ተቀምጦ፣ በዚያ ሙቀት ላቡን እየጠረገ ሲቪክስ ይማር ነበር።

አስራ አንዱ ምዕራፍ

የሲቪክስን መጽሐፍ የተማረ ሰው በእንቅልፍ ልቡም ይዘረዝረዋል። ዴሞክራሲያዊ ሥርዓት ግንባታ፣ የሕግ የበላይነት፣ እኩልነት፣ ፍትሕ፣ አገር ወዳድነት፣ ኃላፊነት፣ ታታሪነት፣ ራስን መቻል፣ ቁጠባ፣ ንቁ ማኅበራዊ ተሳትፎ፣ ዕውቀትን መሻት። 9ኛ ክፍል እነዚህ 11 ምዕራፎች፣ 10ኛ ክፍል እነዚሁ፣ 11ኛ እነዚሁ፣ 12ኛም እነዚሁ! መጽሐፉ እየወፈረ ሄደ እንጂ ርዕሱ ንቅንቅ አላለም።

ተማሪው ሲቪክስን ይወደዋል። ለምን ቢባል ውጤት ያነሳል። ሒሳብ የጣለውን ሲቪክስ ያነሳዋል። ጥያቄው ምርጫ ነው፤ ግራ ከገባችሁ "ዲ፣ ኦል" ማለት ነው። "የሕግ የበላይነት የሚያስፈልገው ለምንድን ነው?" ኤ፣ ለሰላም። ቢ፣ ለልማት። ሲ፣ ለመብት። ዲ፣ ኦል። ማን ይሳሳታል?

አንድ ነገር ግን ያኔም ይገርመን ነበር። ሁለተኛ ደረጃ ላይ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነው። ስለዚህ መብታችንን የምናውቀው በእንግሊዝኛ ነው። "ሩል ኦፍ ሎው" እንላለን፣ "ዱ ፕሮሰስ" እንላለን። ቤት ስንገባ ቋንቋው ኑዌርኛ ወይም አኙዋክኛ ነው። ቀበሌ ስንሄድ ደግሞ አማርኛ ነው፤ የክልሉ የሥራ ቋንቋ አማርኛ ነውና። ወረቀቱም "ጉዳዩ፦" ብሎ ይጀምርና "ለሚመለከተው ሁሉ" ይላል። "ሰስፔክት" ምን እንደሆነ እናውቃለን፤ "ተጠርጣሪ" ሲባል ግን ቆም ብለን እናስባለን። ነገሩን የሚያስቀው ደግሞ የሕገ መንግሥቱ የመጨረሻ አንቀጽ፣ አንቀጽ 106 ነው። የአማርኛው ቅጂ የመጨረሻው ሕጋዊ እውቅና ያለው ሰነድ ነው ይላል። እኛ ይህንንም ያነበብነው በእንግሊዝኛ ነበር።

መምህራችን (ቲቸር እያልን ነበር የምንጠራው፣ እዚህም እንደዚያው እንጥራው) ክፉ ሰው አልነበረም። ድምፁ እስኪዘጋ ያስተምራል። ግን ከ60 በላይ ተማሪ ይዞ፣ ለሦስት አንድ መጽሐፍ ይዞ፣ ኢንትራንስ እየደረሰበት ምን ያድርግ? ከመጽሐፉ ወጣ ያለ ጥያቄ ሲመጣበት አንድ መልስ ነበረችው። "ይሄ ለፈተና አይመጣም።" እኛም ደብተራችንን እንከድናለን። ዛሬ ላይ ስናስበው ከሁለት ዓመት የሲቪክስ ትምህርት በደንብ ያልረሳናቸው እነዚያን ለፈተና የማይመጡትን ጥያቄዎች ነው። ሦስቱን እነሆ።

አንደኛው ጥያቄ፦ 48 ሰዓት ከየት እስከ የት?

አንቀጽ 19 በተያዘ ሰው መብት ላይ ነው። የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት። ይህችን የማያውቅ ተማሪ የለም፤ በየፈተናው ትመጣለች። ነገር ግን ዓረፍተ ነገሩ እዚያ ላይ አያበቃም። ከተያዘበት ቦታ ወደ ፍርድ ቤት ለመምጣት በአግባቡ የሚወስደው ጊዜ በ48ቱ ሰዓት ውስጥ አይቆጠርም ይላል።

ከእኛ ጋር ከአኮቦ ወረዳ መጥቶ ኒውላንድ አጎቱ ቤት የሚኖር ልጅ ነበር። አኮቦ በክረምት ውኃ ነው። መንገድ ይቆረጣል፤ ሰው በጀልባ፣ ካልሆነም ውኃ እያቋረጠ በእግሩ ነው የሚሄደው። ልጁ እጁን አወጣ። "ቲቸር፣ በሐምሌ ገጠር ቀበሌ ላይ ለተያዘ ሰው የመንገዱን ጊዜ የሚቆጥረው ማነው? ፖሊሱ ነው ዳኛው?"

ክፍሉ ሳቀ። ቲቸርም ፈገግ አለና የምታውቋትን መልስ ሰጠ።

አሁን ስናየው ይህ ልጅ የጠየቀው የሕግ ተማሪ የሚጠይቀውን ነው። ሕጉ "አግባብ ያለው ጊዜ" ሲል ለአዲስ አበባና ለአኮቦ አንድ ሰዓት አልሰጠም። ስለዚህ ዳኛ ፊት ቆሞ "መንገዱ ሁለት ቀን እንጂ ስምንት ቀን አይፈጅም" የሚል ሰው ያስፈልጋል። 48 ቁጥሯን ሁላችንም ሸምድደናል። ያቺን ክርክር እንዴት እንደሚከራከሯት ግን ማንም አላስተማረንም።

ሁለተኛው ጥያቄ፦ ተከራካሪው ማነው?

አንቀጽ 34 ስለ ጋብቻ ነው። ጋብቻ በተጋቢዎቹ ነፃና ሙሉ ፈቃድ ብቻ ይመሠረታል ይላል። ወረድ ሲል ደግሞ በግልና በቤተሰብ ጉዳይ የሚነሳ ክርክር፣ ተከራካሪዎቹ ከፈቀዱ፣ በሃይማኖት ወይም በባህል ሕግ ሊዳኝ ይችላል ይላል።

ከመካከላችን አንዷ፣ 17 ዓመቷ፣ ያን ሰሞን ቤት ውስጥ ስለ ከብት ወሬ ተጀምሮባት ነበር። የኑዌር ጥሎሽ ከብት መሆኑን ታውቃላችሁ። (አኙዋኮች ጓደኞቻችን በበኩላቸው ዲሙይ ስለሚባለው፣ አያቶቻቸው ለጥሎሽ ይሰጡት ስለነበረው ጨሌ ያጫውቱን ነበር።) ከብቱ ደግሞ በረት ውስጥ አይቀመጥም። በእህት ጥሎሽ የመጣው ከብት ወንድም ሚስት ያገባበታል። ስለዚህ አንዲት ልጅ "አላገባም" ስትል ራሷን ብቻ አይደለም፣ የወንድሟንም ሠርግ ነው የምታዘገየው። ቀላል አይደለም።

እጇን አወጣች። "ቲቸር፣ ተከራካሪዎች ሲል እነማንን ነው? ልጅቷ አለችበት ወይስ ሁለቱ አባቶች ናቸው?"

ያን ቀን ማንም አልሳቀም። ቲቸር ሰሌዳውን ማጥፋት ጀመረ። ሰሌዳው ላይ ምንም የተጻፈ አልነበረም። ቆይቶ "እሱ... ለፈተና አይመጣም" አለ፤ ድምፁ ግን እንደ ሌላው ቀን አልነበረም።

ልጅቷ ምን አደረገች? ልጅን ያገባ ሰው በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 648 እንደሚቀጣ አንድ ሰው ነግሯት ነበር። 13 ዓመት የሞላትን ልጅ ያገባ እስከ ሦስት ዓመት፣ ከዚያ በታች ከሆነች እስከ ሰባት ዓመት ይታሰራል። ግን የገዛ አባቷን ይዛ ፖሊስ ጣቢያ የምትሄድ ልጅ ስንት ናት? እሷ የሄደችው ወደ እናቷ ወንድም ነው። በኑዌር ባህል የእናት ወገን ከጥሎሹ ድርሻ አለው፤ ድርሻ ያለው ደግሞ ቃል አለው። አጎትየው ሽማግሌዎቹ በተቀመጡበት "የእኔን ድርሻ የምቀበለው ልጅቷ 12ኛን ከተፈተነች በኋላ ነው" አለ። ነገሩ ቆመ። ተፈተነችም። (ከፈተናው በኋላ አገባች። ፊልም ቢሆን ኖሮ ሌላ መጨረሻ እንጽፍላት ነበር።)

እኛ ከዚህ የተማርነው የባህል ሕግ ጥሩ ነው ወይም መጥፎ ነው የሚለውን አይደለም። በዚያ ሸንጎ ማን መናገር እንደሚችል ልጅቷ ታውቅ ነበር። እሷ ራሷ ተከራካሪ አልነበረችም፤ ግን ተከራካሪ መሆን የሚችለውን ሰው አገኘችው። መጽሐፉ ውስጥ ያለው አንቀጽ ከሽማግሌዎቹ የበለጠ መብት ይሰጣታል። ወዴት ሄዳ፣ ለማን፣ ምን ብላ እንደምትጠይቅበት ግን አይነግራትም። የሽማግሌዎቹ ሕግ የሰጣት መብት ጥቂት ነው፤ በሩን ግን ታውቀዋለች።

ሦስተኛው ጥያቄ፦ አንቀጽ 6 ስንት ምስክር አለው?

አንቀጽ 6 ዜግነት ነው። አባቱ ወይም እናቱ፣ ከሁለት አንዳቸው ኢትዮጵያዊ የሆነ ሰው ኢትዮጵያዊ ነው። አጭርና ግልጽ። ጎንደር ወይም ሐዋሳ ለተማረ ልጅ ይህ የአምስት ደቂቃ ትምህርት ነው። ኒውላንድ ላይ ግን ዓመት ሙሉ ያነጋግራል።

ለምን? ዳኛችን በ1894 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1902) አዲስ አበባ ላይ የተፈረመ ወረቀት ስለሆነ ነዋ! ዳግማዊ ምኒልክና እንግሊዞች በዚያ ውል የኢትዮጵያንና የሱዳንን ድንበር አሰመሩ። ኑዌሩም አኙዋኩም ከወዲህና ከወዲያ ሆነ። በዚያው ውል ላይ ንጉሠ ነገሥቱ በባሮ ዳር፣ ከ400 ሄክታር የማይበልጥ መሬት ለንግድ ጣቢያ ለሱዳን መንግሥት አከራዩ፤ ሱዳን በእንግሊዝና በግብፅ አስተዳደር ሥር እስካለች ድረስ የሚል ቀነ ገደብ ያለው ኪራይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1956 ሱዳን ነፃ ስትወጣ ኪራዩም አበቃ። ጋምቤላ ከተማን ያቆማት ያ ጣቢያ ነው። እንግዲህ ከተማችንም፣ የመታወቂያ ጣጣችንም የመጡት ከአንድ ውል ነው።

ወደ ጉዳዩ እንመለስ። ሌላዋ ጓደኛችን መታወቂያ ልታወጣ አንድ ጽሕፈት ቤት ሄደች። አባቷ ሞቷል፤ እናቷ ከወዲያ ማዶ ተወልዳ ከወዲህ ያገባች ናት። ሠራተኛው ፊቷን አየ፣ ግንባሯን አየ፣ ሰፈሯን ጠየቀ። "ስደተኛ አይደለሽም ወይ?" አላት። እሷም ፈተና ላይ እንዳለች ሁሉ "በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 6 መሠረት..." ብላ ጀመረች። ሰውየው አልተቆጣም። በትዕግሥት ሰማትና እንዲህ አላት፦

"እሱ ሲቪክስ ነው እህቴ። አንቺ ሦስት ምስክር አምጪ።"

ያን ቀን ማታ ስትነግረን ሆዳችንን ይዘን ሳቅን። ከሳቁ በኋላ ግን ዝም አልን። ምስክር ከየት ይመጣል? አባቷን የሚያውቁት አንዱ ሞቷል፣ አንዱ ወደ ገጠር ሄዷል። መጨረሻ ላይ ያዳናት እናቷ በቆርቆሮ ሣጥን ውስጥ ያስቀመጠችው፣ አባትየው ዘበኛ ሆኖ ይሠራበት የነበረ መሥሪያ ቤት የጻፈለት የቆየ ደብዳቤ ነው። ማኅተሙ ደብዝዟል፤ ቀኑ ግን ይነበባል። እሱን ይዛ፣ ሁለት ሽማግሌ ይዛ፣ ከስንት ምልልስ በኋላ መታወቂያዋን አገኘች።

ሠራተኛውን ለመርገም ቸኩለን ነበር። እውነቱ ግን ምስክርም ሕግ ነው። መብት አለኝ ያለ ሰው ማስረዳት አለበት፤ የማስረጃ ጉዳይ የሕግ ትምህርት ግማሽ አካሉ ነው። ችግሩ ለእኛ የደረሰን አንዱ ግማሽ ብቻ መሆኑ ነው። ሳይጠየቅ ኢትዮጵያዊ የሆነ ልጅ ሌላውን ግማሽ ባያውቅም ይኖራል። ኒውላንድ ላይ ግን ያ ግማሽ ከሌለህ በየኬላው ትወርዳለህ። አሁን የፋይዳ ዘመን ነው ብላችሁ እንዳትከራከሩን፤ ፋይዳ የሚለየው ነዋሪን ነው፤ የዜግነት ማረጋገጫ አይደለም። ጥያቄው ዛሬም አለ።

በቆሎ የበላችው ላም

ቲቸርን አንድ ነገር ሳናመሰግነው ብንቀር ነውር ነው። አንድ ቀን መጽሐፉን ዘጋ።

ጊዜው ከባድ ነበር። እኛ 10ኛ ክፍል ሳለን፣ በጥር 2008 ዓ.ም.፣ ጋምቤላ ከተማ ውስጥ በኑዌርና በአኙዋክ መካከል በተነሳው ግጭት የሰው ሕይወት ጠፍቷል። በዚያው ዓመት ሚያዝያ ከደቡብ ሱዳን የተሻገሩ የሙርሌ ታጣቂዎች በኑዌር ዞን ወረዳዎች ከ200 በላይ ሰው ገድለው ከ100 በላይ ሕፃናት ይዘው ሄደዋል። መሰናዶ ስንገባ ክፍሉ አንድ ይሁን እንጂ ዴስኩ ተለያይቶ ነበር። "እኩልነት" የሚለውን ምዕራፍ ግራና ቀኝ ተከፍለን ተማርነው።

ቲቸር እንዲህ አለ፦ "አንዲት ላም ገመዷን በጥሳ ባሮ ዳር ያለ የሰው በቆሎ በላች። ባለቤቱ ተኝቶ ነበር፤ አላየም። ይክፈል ወይስ አይክፈል?" ከዚያም ከብት ያላቸውን የኑዌር ልጆች የባለ በቆሎው ጠበቃ አደረጋቸው። በወንዝ ዳር የሚያርሱትን የአኙዋክ ልጆች የባለ ላሟ ጠበቃ አደረጋቸው። ቀሪዎቻችንን ዳኛ አደረገን።

እንዲህ ያለ ክፍለ ጊዜ አይተን አናውቅም! ለሁለት ዓመት አፉን ከፍቶ የማያውቅ ልጅ ተነስቶ "ገመዱ ያረጀ መሆኑን ያውቅ ነበር፤ ቸልተኛ ነው!" ብሎ ጮኸ። ያኛው ወገን "በቆሎው አጥር አልነበረውም፤ ጥፋቱ የጋራ ነው" አለ። አንዷ ተነስታ "የተበላው ስንት ነው? ማን ቆጠረው? ምስክር አለ?" አለች። (መታወቂያ ያስጨነቃት ልጅ ናት፤ መቼም ምስክር ከአፏ አይጠፋም።) ደወል ተደወለ፤ ፍርዱ አልተሰጠም። ክርክሩ ግን በሩን አልፎ፣ ግቢውን አልፎ፣ መንገድ ላይ ወጣ። ከጥር ወዲህ አብረው ያልሄዱ ልጆች ያን ቀን "ላሟ... በቆሎው..." እየተባባሉ አንድ መንገድ ሄዱ። ታረቁ አንልም። ግን ተከራከሩ፤ ያለ ዱላ።

የላሟ ነገር መልስ እንዳለው ያወቅነው ዩኒቨርሲቲ ገብተን፣ ዶርም ውስጥ የአንዲት የሕግ ተማሪ መጽሐፍ ስናገላብጥ ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2071፦ እንስሳው በድንገት አምልጦም ቢሆን፣ ጉዳቱ ያልታሰበም ቢሆን ባለቤቱ ኃላፊ ነው። ባለ በቆሎው ረቷል ማለት ነው!

በእንግሊዝ አገር ከ16 እስከ 18 ዓመት ያሉ ተማሪዎች በኤ ሌቭል ደረጃ ሕግን እንደ ታሪክና እንደ ሒሳብ መርጠው መማር ይችላሉ። ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ሕግ ለማጥናት ግዴታ አይደለም። ግን ከሚማሯቸው ታዋቂ ጉዳዮች አንዱ የአንዲት ሴት የለስላሳ ጠርሙስ ነው። ስኮትላንድ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1928 የገዛችላት ጓደኛዋ ናት፤ ጠርሙሱ ውስጥ የበሰበሰ ቀንድ አውጣ ነበረበት ተባለ፤ ሴትዮዋ ታመመች፤ እ.ኤ.አ. በ1932 የእንግሊዝ ከፍተኛው ፍርድ ቤት አምራች ድርጅት ውል ላልተዋዋለው ጠጪም ጥንቃቄ ማድረግ አለበት አለ። እነሱ ሕግን ከጠርሙስ ይጀምራሉ፤ ከአንድ ሰው ችግር። እኛ የጀመርነው ከምዕራፍ ቁጥር ነው። ላሟ እስክትመጣ ድረስ።

እና አሁንስ?

በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት የዜግነት ትምህርት 10ኛ ክፍል ላይ ያበቃል፤ ታናናሾቻችን 11ኛና 12ኛ ላይ ሲቪክስ የላቸውም። ብዙ ሰው "እሰይ፣ ያ ሽምደዳ ተገላገልነው" ሲል ሰምተናል። ሽምደዳው አይናፍቀንም፤ "ዲ፣ ኦል"ም አይናፍቀንም። የሚቆጨን ሌላ ነው። 17 እና 18 ዓመት ማለት እኮ መታወቂያ የሚወጣበት፣ ጋብቻ የሚመጣበት፣ ፖሊስ እንደ አዋቂ የሚያይበት ዕድሜ ነው። ሕግ በትክክል የሚያስፈልገው ያኔ ነው። ያን ጊዜ ትምህርቱን መተው አንድ ነገር ነው፤ አስተካክሎ ማስተማር ሌላ ነገር ነበር።

ምን ይስተካከል ብትሉን ብዙ አንጠይቅም። አንድ ማመልከቻ እንዴት እንደሚጻፍ፤ ፍርድ ቤት በር ላይ ያለው ማመልከቻ ጸሐፊ ከሚያስከፍለን በፊት በአማርኛውም በእናት ቋንቋችንም እንወቀው። ምስክርና ሰነድ ምን እንደሆኑ። የተያዘ ሰው ቤተሰብ የት ሄዶ ምን ብሎ እንደሚጠይቅ። የትኛው ጉዳይ ለሽማግሌ፣ የትኛው ለዳኛ እንደሚሄድ፣ በሽማግሌው ፊትም ልጅቷ ቃል እንዲኖራት ምን እንደሚደረግ። እነዚህ ከአስራ አንዱ ምዕራፍ አንዱን እንኳ አይሞሉም። በየክልሉ አንድ አንድ ላም ቢፈለግላቸው ደግሞ ተማሪው ራሱ ያስተምራቸዋል።

ሕገ መንግሥቱ የሚጀምረው "እኛ" ብሎ ነው። ፈተና ላይ "እኛ የተባሉት እነማን ናቸው?" የሚል ጥያቄ ሲመጣ ሁላችንም አግኝተነዋል፤ ብሔሮች፣ ብሔረሰቦች፣ ሕዝቦች። ኒውላንድ ላይ ግን ያ "እኛ" ሦስት ምስክር ይጠየቅበታል። የሚያስረዳ እስኪገኝ ድረስ ደግሞ፣ ወዳጆቻችን፣ የቆርቆሮ ሣጥናችሁን ጠብቁ፤ የቆየ ወረቀት አትጣሉ።

ቸር እንሰንብት!